ሊብሬ የሌለው ሞተር ገዝታችሁ ልታስመዘግቡ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ድሬዳዋ ውስጥ ውልና ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከሚመጡልኝ ጉዳዮች ሁሉ የሚያንገበግበኝ የሞተርሳይክል ነው። ልጁ ዕቁብ ጥሎ ብር ያጠራቅማል፣ ዘመድ ይጨምርለታል፣ ሞተር ይገዛል። ከዚያ እኔ ጋ መጥቶ «አቦ፣ ሊብሬ የለውም፤ እንዴት ላስመዝግበው?» ይለኛል። ሊብሬ የሞተሩ የባለቤትነት ደብተር ነው። ብሩን ከፍሎ ጨርሷል። ሻጩ ስልክ አያነሳም። ከመክፈሉ በፊት ቢመጣ ኖሮ ብዙ ነገር ማዳን ይቻል ነበር። ለቀጣዩ ገዢ ይድረስ ብዬ ነው የምጽፈው።

«ወረቀት የለውም» ሲባሉ «ለምን?» አለመጠየቅ

ሊብሬው የጠፋ ሞተር አለ። ስሙ ሳይዞር ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ አለ። ባለቤቱ የሞተበት አለ። ሊብሬው ለብድር ዋስትና የተያዘ አለ። በዕርዳታ ድርጅት ስም ከቀረጥ ነፃ የገባ አለ። ጉምሩክን ጭራሽ ሳያይ የገባ አለ። የተሰረቀም አለ። ሻጭ ግን ሁሉንም «ወረቀቱ ትንሽ ይቀረዋል» ብሎ ያልፈዋል። መፍትሔያቸው ለየቅል ነው። መፍትሔ የሌለውም አለበት።

ሰሌዳ ካለው ፍለጋው ይቀላል። ሰሌዳው ላይ ድሬ፣ ሐረ፣ ኦሮ ወይስ ሶማ ይላል? ፋይሉ ያለው እዚያ ነው። ሞተሩ በድሬ ሰፈሮች፣ ከዚራና ሳቢያን፣ ሲመላለስ ስለኖረ ፋይሉ ድሬ ነው ማለት አይደለም። ሐረር የተመዘገበ ከሆነ ሻጩን ይዛችሁ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረር መጠየቅ ነው። ፋይሉ በማን ስም ነው? እገዳ አለበት? ዕዳ አለበት? ሻጩ «እኔ ሥራ አለብኝ፣ አንተ ሂድ» ካለ ብሩ ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ።

የመንደር ውልን እንደ ስም ዝውውር መቁጠር

እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። አንድ የዕቃ አድራሽ ልጅ አራት ውሎች በላስቲክ ጠቅልሎ አመጣልኝ። የመጀመሪያው ደህና ነው፦ ሙሉ ስም፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ ሦስት ምስክር። ሁለተኛው ላይ ሻጩ የአባት ስም የለውም። ሦስተኛው ከደብተር የተቀደደ ገጽ ነው፤ «አንድ ጥቁር ቦክሰር ሞተር ሸጫለሁ» ይላል፣ የሻንሲ ቁጥር (የሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸው መለያ) የለውም። አራተኛው የልጁ የራሱ ነው። አንዱ ምስክር በፊርማው ቦታ ስልክ ቁጥሩን ጽፏል። ፋይሉ ሲታይ ደግሞ የተመዘገበው ሰው ከአራቱ ውል በአንዱም ላይ የለም። የመጀመሪያው ሻጭ ራሱ በስሙ ያልሆነ ሞተር ነው የሸጠው። ልጁ ግን አራት ወረቀት ስለያዘ ማስረጃው የጠነከረ መስሎት ነበር።

ግልጽ ላድርገው። የመንደር ውል በእናንተና በሻጩ መካከል ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ፍርድ ቤት ብትካሰሱ ይጠቅማችኋል። ስም ለማዞር ግን የሚጠየቀው ውልና ማስረጃ ቀርቦ የተፈረመና የተመዘገበ ውል ነው። እዚያ የሚፈርመው ደግሞ በሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ነው። መሐል ላይ የነበሩት ሻጮች ስማቸው ፋይሉ ላይ የለም። ቢፈርሙም ስሙን አያዞሩትም።

ስለዚህ ድካማችሁን ባለስሙን በመፈለግ ላይ አውሉት። ሻጩን «ከማን ገዛህ?» በሉት። ያኛውንም እንደዚሁ። ባለስሙ ከተገኘ በቀጥታ ለእናንተ ይፈርምላችሁ፤ መሐለኞቹ ሒሳባቸውን እርስ በርስ ይጨርሱ። ስሙ እስኪዞር ከዋጋው ጠቀም ያለውን አስቀሩ፤ ቀሪው መቼ እንደሚከፈልም ውሉ ላይ ይጻፍ። ባለስሙ አልፈርምም ካለ ፍርድ ቤት አለ። ያኔ ግን ከእሱ እስከ እናንተ የሚያደርሱ ውሎች ሁሉ ያስፈልጋሉ፤ የደብተር ገጿ ጉድ የምትሠራው እዚያ ጋ ነው።

ባለስሙ ከሞተ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል። ወራሾቹ ሁሉ መፈረም ወይም መወከል አለባቸው። ታላቅ ወንድሙ ብቻውን «እኔ አለሁ» ቢል አይበቃም።

የትዳር ጓደኛን መርሳት

ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992 ነው። አንቀጽ 68 ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ፣ በሁለቱም ስም የተመዘገበ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት ይፈልጋል። 500 ብር ዛሬ የሞተር ጎማ አይገዛም። በአንዱ ስም ብቻ ቢሆንም የባለስሙ ሚስት ትፈርም፤ ባለስሙ ካላገባም ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይያዝ። ሐረር የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው እዚያው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ውክልና ስላለ ብቻ መተማመን

ውክልናው «መሸጥ» እና «ስም ማዞር» ብሎ በግልጽ ካልጻፈ አይሠራም። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥ አይሆንም። አለመሻሩን አረጋግጡ። ወካዩ በሕይወት መኖሩንም ጠይቁ፤ በመርህ ደረጃ ውክልና ከሰጪው ሞት ጋር ያበቃል።

የሻንሲ ቁጥርን በሻጩ ቃል መጻፍ

ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የመሪው አንገት ላይ ተቀርጿል፤ ጭቃና ግራሶ ይሸፍነዋል። ላምባ በነካ ጨርቅ ጥረጉት። በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩት! አንድ ልጅ እንዲያምርለት ብሎ ፈግፍጎት መርማሪው «ቁጥሩ ተነካክቷል» ብሎ መለሰው። ንጹሕ ሞተር በገዛ እጁ አስጠረጠረ፤ በጣም አዘንኩለት። ከጠረጋችሁ በኋላ ስስ ወረቀት ደርባችሁ በእርሳስ አሹት፤ ቁጥሩ እንዳለ ይወጣል።

አሁን አንብቡት። በዚህ ዘመን ሞተሮች ላይ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። የቆዩ የጃፓን ሞተሮች ሊያጥርባቸው ይችላል። በ17ቱ ውስጥ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት አይገቡም፤ ከቁጥር ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ነው። «ኦ» የመሰላችሁ ዜሮ ነው፣ «አይ» የመሰላችሁ አንድ ነው። ውሉ ላይ ዜሮውን «ኦ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ከፋይሉ ጋር አይገጥምም፤ እንደገና መፈራረም ሊመጣ ነው። የመጀመሪያው ፊደል ስለተሠራበት አገር ፍንጭ ይሰጣል፦ ህንድ በ«ኤም»፣ ቻይና በ«ኤል»፣ ጃፓን በ«ጄ»። ቲቪኤስ የህንድ ነው ተብሎ በ«ኤል» ከጀመረ ቁሙ። ፊደላቱ ከተዛነፉ ወይም ዙሪያው አዲስ ቀለም ከተቀባ ጥላችሁ ሂዱ።

የኢንጅኑንም ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ኢንጅን ከተቀየረ የአዲሱ ኢንጅን ሕጋዊ ሰነድ ይጠየቃል።

ሊብሬ ለብቻው መግዛት

ደላላው «የተጋጨ ሞተር ሊብሬና ሰሌዳ አለኝ፣ ቁጥሩን ያንተ ሞተር ላይ እናስመታልሃለን» ይላል። ይሄ ሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ነው፤ ወንጀል ነው። ደላላው ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል፣ በስሙ የሚጠየቀው ገዢው ነው። እባካችሁ ወንድሞቼ፣ ይሄን አትንኩ።

ዴክላራሲዮን የሌለውን «በኋላ ይከፈላል» ብሎ መግዛት

ከሶማሌላንድ ድንበር፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል ተደብቆ የገባ ሞተር በርካሽ ይሸጣል። ሰሌዳ ኖሮት አያውቅም። መጀመሪያ ለመመዝገብ የጉምሩክ ዴክላራሲዮን፣ ማለትም በጉምሩክ በኩል መግባቱን የሚያሳይ ሰነድ፣ ያስፈልጋል፤ የእናንተ ውል እሱን አይተካውም። ኮንትሮባንድ ሆኖ ከተያዘ ይወረሳል፤ መንዳታችሁም ያስጠይቃል። ጉምሩክ ወርሶ በሐራጅ የሸጠው ሞተር ግን ሌላ ነገር ነው። የሐራጁን ደረሰኝና ደብዳቤ በዋናው ተቀበሉ፣ የሻንሲ ቁጥሩ መግጠሙን እዩ። ከቀረጥ ነፃ የገባው ደግሞ ነፃ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ የቀረጥ ጥያቄ ይነሳል። ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ቦሎን እንደ ባለቤትነት ማየት

ቦሎ ዓመታዊ ምርመራ ነው። የሦስተኛ ወገን መድንም መድን ነው። ሁለቱም «የማን ነው?» ለሚለው መልስ አይሆኑም።

የጠፋውን ሊብሬ ራስ ለማውጣት መሞከር

ሊብሬው በእርግጥ ጠፍቶ ከሆነ ይሄ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ምትኩን የሚጠይቀው ግን ባለስሙ ነው። ለፖሊስ ያመለክታል፣ የጠፋበትን ማስረጃ ይዞ መንገድ ትራንስፖርት ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ይወጣል። «እኔ ነኝ የጣልኩት» ብላችሁ በራሳችሁ ስም አታመልክቱ፤ ለፖሊስ ሐሰት መናገር ነው። ምትኩ ሊብሬ ሲወጣ ሁለታችሁ በዚያው ሳምንት ውልና ማስረጃ ግቡ። ባለስሙ አሁን እየተባበረ ነው፤ ከወር በኋላ ጅጅጋ ወይም አዳማ ሊሆን ይችላል።