«አሪፍ ነው» ከማለት በፊት፦ የግራፊክ ዲዛይን ሥራን እንዴት እንተች?

መምህሩ የተማሪዎቹን ፖስተር ግድግዳ ላይ ይለጥፍና «እስቲ ምን ትላላችሁ?» ይላል። ክፍሉ ጸጥ። ከኋላ አንዱ «አሪፍ ነው» ይላል፣ ሌላዋ «ቀለሙ ደስ ይላል» ትጨምራለች፣ የሥራው ባለቤት አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል፤ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ደሴ ስማር የነበርኩበት ክፍል እንዲህ ነበር። የምናይበት ዓይን አጥተን አልነበረም፤ ይሉኝታ ይዞን ነው። የጓደኛን ሥራ ፊት ለፊት «ይህ ልክ አይደለም» ማለት ነውር ይመስለን ነበር።

ዋጋውን የከፈልኩት በኋላ ነው። ለአንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ባነር ሠርቼ ለጓደኞቼ ሳሳያቸው «አብሽር፣ ቆንጆ ነው» አሉኝ። ታትሞ አስፋልት ዳር ሲሰቀል ግን ስልክ ቁጥሩ ከመንገዱ ማዶ አይነበብም። ባለቤቱ ጠርተው «ልጄ፣ ሰው በምን አይቶ ይደውልልኝ?» አሉኝ። አምስት ሰው አይቶት ነበር፤ አንዳቸውም ቁጥሩን ለማንበብ አልሞከሩም።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩትን አካሄድ ነው የማስቀምጠው። አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ መምህር ኤድመንድ ፌልድማን ትችትን በአራት ደረጃ ከፍሎታል፦ መግለጽ፣ መተንተን፣ መተርጎም፣ መመዘን። ፍርዱ መጨረሻ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። አፋችን የሚያያዘው እኛ ከመጨረሻው ስለምንጀምር ነው።

1. አንድ ሥራ ምረጡ፣ ያለበት ድረስ ሂዱ

ለልምምድ ከኢንተርኔት የወረደ የውጭ ፖስተር አትያዙ። ያማረ ይሆናል፤ ግን ለማን እንደተሠራና የት እንደተሰቀለ አታውቁም። ፒያሳ ወይም ቧንቧ ውሃ ሄዳችሁ አንድ ባነር ወይም አንድ የሱቅ ታፔላ ምረጡ። አላፊ አግዳሚው ከሚያይበት ቦታ ሆናችሁ በስልክ አንሱት። ፎቶውን በቴሌግራም ስትለዋወጡ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ ዲዛይነሩ ያላጠፋውን ጥፋት ታገኙበታላችሁ።

2. አምስት ደቂቃ፣ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ

እዚህ ደረጃ ላይ ያምራል፣ ይደብራል፣ ዘመናዊ ነው የሚሉ ቃላት ክልክል ናቸው። ጣት ሊጠቆምበት የሚችለውን ብቻ ነው የምትጽፉት። እንዲህ፦

«ጀርባው አረንጓዴ ነው። ከላይ መሃል ላይ ቀይ ጽሑፍ አለ፣ ዙሪያው በነጭ ተከቧል። ከሥሩ ሦስት ፎቶ አለ፤ መካከለኛው የሁለቱን ጫፍ ሸፍኗል። አራት ዓይነት ፎንት ቆጠርኩ። ስልክ ቁጥሩ ታች ቀኝ ጥግ ላይ ነው፤ ከጠርዙ ያለው ርቀት አንድ ጣት አይሞላም።»

የሕፃን ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን አሥራ አምስተኛው መስመር ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ ያላያችሁትን ማየት ትጀምራላችሁ። ፎንት ቁጠሩ፣ ቀለም ቁጠሩ፣ የጽሑፍ መጠን ስንት ዓይነት እንደሆነ ቁጠሩ። ለይሉኝታችን መድኃኒቱም ያለው እዚሁ ነው። «ሥራህ ተዝረክርኳል» ማለት ያስከፋል፤ «አራት ፎንት አለው» ማለት ግን ስድብ አይደለም። ባለቤቱም ራሱ ቆጥሮ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ከዚያ ዓይናችሁን አጥብባችሁ ሥራው ብዥ እስኪል ተመልከቱት። ቀድሞ ጎልቶ የሚቀረው ምንድን ነው? ሁለተኛውስ? ፎቶው ላይ 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ ምልክት አድርጉ። ይህ ቁጥር በኋላ ይጠቅማል።

3. ሥራው ምን ሊሠራ ወጣ?

ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ ማን ያየዋል? ከምን ያህል ርቀት? ለምን ያህል ጊዜ? የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ያለን ፖስተር ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ደጋግሞ ሊያነበው ይችላል። ባጃጅ ውስጥ ላለ ሰው ግን ባነር የጥቂት ሰከንድ ነገር ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ክረምትን አትርሱ፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ በነጭ ላይ የተጻፈ ግራጫ ጽሑፍ አብሮ ይሰወራል።

የታፔላ ሠሪዎች የሚመሩበት የቆየ ግምት አለ፦ ለየ3 ሜትሩ ርቀት 2.5 ሳንቲሜትር ያህል የፊደል ቁመት። መንገዱ ማዶ 15 ሜትር ከሆነ ቁጥሩ 12 ሳንቲሜትር ገደማ መሆን ነበረበት። የእኔው 4 ሳንቲሜትር ነበር።

4. ዓይን በምን ቅደም ተከተል ይሄዳል?

የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው፤ አርዕስቱን በትልቁ ጽፎ መገላገል ይቻላል። የእኛ ፊደል ይህ የለውም። ዓይንን ቀድሞ መጥራት የምንችለው በመጠን፣ በውፍረት፣ በቀለምና በባዶ ቦታ ነው። የዲዛይን ተማሪ ደግሞ ይህን ለመማር ከወሎ መውጣት አያስፈልገውም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን የቆየ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል አለ። የማንኛውንም ጥሩ የብራና መጽሐፍ ገጽ ፎቶ አግኝታችሁ ተመልከቱ፦ ጽሑፉ ጥቁር፣ የመክፈቻ መስመሮቹና የቅዱሳን ስም ቀይ፣ የክፍሉ መጀመሪያ ላይ ሐረግ የሚባለው ጌጥ፣ ዙሪያውን ሰፊ ኅዳግ። በዐረብኛ የእጅ ጽሑፎችም ቀዩ ቀለም ርዕስና ቁልፍ ቃል ለመለየት ያገለግላል። ጽሑፉ ሁለት ቀለም ብቻ ነው። ቀዩ የሚሠራው ጥቂት ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ባነራችሁ ተመለሱ። ሁሉም መስመር ቀይ፣ ሁሉም ቦልድ (ወፍራም)፣ ሁሉም ጥላ ያለው ከሆነ ሰኞ ቀን ባቲ ገበያ መሃል ቆሞ ሰው እንደመጣራት ነው። ቅድም 1፣ 2፣ 3 ያላችሁትን ከሥራው ዓላማ ጋር አስተያዩት። ዓላማው ሰው እንዲደውል ሆኖ ሳለ 1 የተባለው የጌጥ አበባ ከሆነ፣ ዋናውን ጥፋት አግኝታችኋል። ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ የለም።

5. ፊደሉን ቀርባችሁ ፈትሹ

ይህን ክፍል የውጭ ትምህርት አይሰጣችሁም። በእኛ ፊደል ድምፁን የሚለየው ትንሿ ቅጥያ ናት። ቢ እና ቤ፣ ሊ እና ሌ የሚለያዩት በእግራቸው ባለች ቀለበት ነው። ጽሑፉ አንሶ ሲወፍር ቀለበቷ በቀለም ትሞላና ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ትንሹን ጽሑፍ ቦልድ ሆኖ ስታገኙት ቅጥያዎቹን አንድ በአንድ እዩ።

ሁለተኛው በሽታ መለጠጥ ነው። ስሙ ቦታውን አልሞላ ሲል ዲዛይነሩ ጫፉን ይዞ ይጎትተዋል። ቋሚው መስመር ወፍሮ አግድሙ እንደነበረ ከቀረ፣ ፊደሉ ተለጥጧል ማለት ነው። ሦስተኛው ምርጫ ማጣት ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ የተባለው ፎንት ከሠርግ ጥሪ እስከ ቀብር ማስታወቂያ ያገለገለው ለሁሉም ስለሚስማማ አይመስለኝም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ስለተገኘ ነው። ስትተቹ «ይህ ፎንት ተመርጧል ወይስ ተገኝቷል?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሀሌታው ሀ እና የሐመሩ ሐ ክርክር ውስጥ ግን አትግቡ። የሰው ስም ካልሆነ በስተቀር የክፍሉን ሰዓት ይበላል።

6. ቀለም

ፎቶውን በስልካችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ቀዩ ጽሑፍና አረንጓዴው ጀርባ አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ፣ ጽሑፉን የያዘው ያ ነጭ ጠርዝ ብቻ ነው ማለት ነው። ለስክሪን ሥራ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያዎች ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃሉ። ለኅትመት ሥራ ደግሞ በስክሪን አትፍረዱ፤ ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ደብዝዞ ነው የሚወጣው።

7. ሰሙና ወርቁ

እስካሁን ያየነው ሰሙን ነው። አሁን ሥዕሉ ምን ማለት እንደፈለገ ጠይቁ። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ የሚያሳይ የመስቀል ቅርጽ የላሊበላ አስጎብኚ ሎጎ ላይ ትርጉም አለው። የስልክ ጥገና ሱቅ ላይ ሲመጣ ግን ምን ይላል? ጀበናም እንደዚሁ። እኔ በበኩሌ ጀበና ያለበት የካፌ ሎጎ ሳይ ዲዛይነሩ ቶሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ የቸኮለ ይመስለኛል፤ ይህ ግን የእኔ አመል ነው። እናንተ ስትናገሩ የራሳችሁን አመል ከሥራው ጥፋት ለዩ።

8. አሁን ተናገሩ

የሰሜን ወሎዋ ዋድላ በቅኔ ትምህርት ስሟ የታወቀ ናት። ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። የሚታረመው ቅኔው ነው፦ ቤቱ ሞልቷል? ምስጢሩ ይገናኛል? ለእኛም ይኸው ይበጃል። እያንዳንዱ አስተያየታችሁ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ያያችሁትን፣ ያመጣውን ውጤት፣ እና የሚነካውን ሰው።

«ስልክ ቁጥሩ አላማረኝም» ከማለት፣ «ስልክ ቁጥሩ ከአድራሻው ጋር እኩል መጠን አለው፤ ስለዚህ ዓይኔ አልለየውም፤ ባጃጅ ውስጥ ያለ ሰው ያልፈዋል» በሉ። የተሳካውንም ነገር በዚሁ መንገድ ተናገሩ። «አሪፍ ነው» ማለት ያስደስታል እንጂ አያስተምርም፤ «ከላይ የተውከው ባዶ ቦታ ስሙን ብቻውን አቆመው» ሲባል ግን ሰውየው በሚቀጥለው ሥራው ይደግመዋል። መፍትሔ ለመስጠት አትቸኩሉ። «ሰማያዊ አድርገው» ስትሉ ሥራው የእናንተ ይሆናል።

9. ተራው የእናንተ ሲሆን

ሥራችሁ ሲተች ብዕር ያዙ፣ አፋችሁን ግን ዝጉ። «እሱማ የፈለግኩት...» ብላችሁ ማብራራት ከጀመራችሁ ሥራው ራሱን ችሎ አልተናገረም። ባነሩ ሲሰቀል አጠገቡ ቆማችሁ አታብራሩለትም። የሚሰነዘረውን ሁሉ ጻፉ፤ የምትቀበሉትን ማታ ትለያላችሁ።

ከክፍል ስትወጡ ፖስተራችሁን በኤ4 አትሙና መንገድ ዳር ጉሊት ወደያዙ አንዲት እናት ሂዱ። አንድ እስር ጎመን ግዙ፣ ከዚያ «እማማ፣ እዚህ ላይ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲያነቡ አትርዷቸው። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው ያስጠጉበትን፣ ሁለት ጊዜ የመለሱትን፣ ዘለው ያለፉትን ቃል እያያችሁ በልባችሁ ያዙ፤ አመስግናችሁ ስትሄዱ እዚያው ወረቀት ላይ ክበቡት።