አሳቲግ ባሕር ዳርቻ ስትሄዱ እነዚህን አታድርጉ

ሰመር ሲመጣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሐበሻ ሁለቱ ግዛቶች ወደሚጋሩት አሳቲግ ደሴት ይጎርፋል። ሁሉም የሚሄደው የዱር ፈረሶቹን ለማየት ነው። እዚያው አሸዋ ላይ ግን ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባል፣ ድንቢጥ የምታህል ወፍ ትፈለፍላለች። ከ1986 ጀምሮ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጥበቃ ይደረግላታል። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ የሚጎዷት ክፉ ያላሰቡ ሰዎች ናቸው።

ጎጆዋ ያለበትን ቦታ የከለለውን ገመድ ተሻግሮ ፎቶ መነሳት። «ምንም አልነካንም» ይባላል። መንካት አያስፈልግም። ጎጆዋ አሸዋ ላይ የተጫረ ትንሽ ጉድጓድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አራት እንቁላል ይኖርበታል፤ መልኩ አሸዋ፣ ላዩ ጥቁር ነጠብጣብ። አጠገቡ ቆማችሁም ላታዩት ትችላላችሁ። እናትና አባት እየተፈራረቁ አንድ ወር ገደማ ይታቀፉታል። ሰው ሲቀርብ ይነሳሉ። ያኔ እንቁላሉ በጠራራ ፀሐይ ይግላል፣ ወይም ቁራ ያየዋል።

ያነከሰችውን ወፍ መከተል። ክንፏን እየጎተተች ስታነክስ ብታዩ ደህና ናት። ከልጆቿ ልታርቃችሁ ነው። እግራችሁ ሥር እያያችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ።

«ተፈልፍለዋል፣ አለቀ» ማለት። ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ ከጎጆው ይወጣሉ። ወላጆቻቸው አያበሏቸውም፤ ራሳቸው ውሃው ጠርዝ ድረስ ሮጠው ትንንሽ ነፍሳትና ትል ይለቅማሉ። ለመብረር አራት ሳምንት ያህል ይፈጅባቸዋል። ያ ጊዜ ደግሞ ዳርቻው በሰው ከሚጨናነቅበት ከጁላይ 4 በዓል ጋር ይገጥማል። ሰው በሰው ላይ ፎጣ ሲያነጥፍ ወደ ምግባቸው የሚያልፉበት ያጣሉ። ሲፈሩ ደግሞ አይሸሹም፤ መሬት ላይ ልጥፍ ይላሉ። የመኪና ጎማ ዱካ ውስጥ ከተለጠፉ ሾፌሩ አያያቸውም። ልጆቻችሁ የቆፈሩትን ጉድጓድ ደፍናችሁ ሂዱ፤ ጫጩት ከገባበት አይወጣም።

ካይት (በክር የሚበር መጫወቻ) አጠገባቸው ማብረር። ለእነሱ ከላይ የሚያንዣብብ ጭልፊት ነው።

ውሻ ይዞ መምጣት። በቨርጂኒያው በኩል ጨርሶ ክልክል ነው፣ መኪና ውስጥም ቢሆን። በሜሪላንድ በተፈቀደው ቦታ እንኳ የውሻውን ገመድ አትልቀቁ።

የተረፈ ምግብ መጣል። ቀበሮና ቁራ ይጠራል፤ እነሱም እግረ መንገዳቸውን ጫጩት ይበላሉ።

ብቻውን ያለ ጫጩት ብታገኙ አታንሱት። ወላጁ እናንተን ሸሽቶ እንጂ ሩቅ አይሆንም። ራቅ በሉለት፣ የተጎዳ ከመሰላችሁ ለፓርኩ ጠባቂ (ሬንጀር) ንገሩ።