ሳይዋሹ ማዳላት፦ በጥናትና በዜና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከዓመታት በፊት ለአንድ ሥራ መጠይቅ አዘጋጅቼ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?» ይላል። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ «እጅግ በጣም»፣ «በጣም»፣ «በመጠኑ»። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አየችውና «ያልረካ ሰው የቱን ያክብብ?» አለችኝ። አፈርኩ። ማንንም ላታልል አላሰብኩም፤ ግን መልሱን ጥያቄው ውስጥ ቀድሜ ከትቼዋለሁ።

አድልዎ ሲባል ቶሎ የሚታየን ቁጥር የሚፈበርክ ተመራማሪ ወይም ጉቦ የበላ ጋዜጠኛ ነው። እነሱም አሉ። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ሳይዋሽ የሚያዳላው ነው፤ ራሱን አይጠረጥርማ። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የእሱ ናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው ተጠይቋልና ውጤቱ ትክክል ነው ማለት

በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ቀጣዩ ፕሬዚዳንት ማን እንደሚሆን ለማወቅ 10 ሚሊዮን ያህል ካርድ በፖስታ በተነ። 2.4 ሚሊዮን ገደማው ተሞልቶ ተመለሰለት። ከዚያም አልፍ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል ብሎ ጻፈ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። እጅግ ያነሰ ናሙና የያዘው የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሎፕ ግን አሸናፊውን በትክክል ተናግሮ ነበር።

መጽሔቱ አድራሻ ከሰበሰበባቸው ቦታዎች ዋነኞቹ የስልክ ማውጫና የመኪና ምዝገባ ነበሩ። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን ነው? ደህና ኑሮ ያለው። ሁለተኛው ጣጣ ደግሞ ብዙም አይወራለትም። ካርዱ ከደረሳቸው ሰዎች ሞልቶ የመለሰው ከአራት አንዱ ገደማ ነው። ለመመለስ ይበልጥ የተጋው ደግሞ ሩዝቬልትን የማይፈልገው ወገን ነበር። ዝም ያለው ሰው ድምፅ አልነበረውም ማለት አይደለም፤ የምርጫው ቀን ወጥቶ ሰጠ።

ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ «100 ሺህ ሰው ድምፅ ሰጥቷል» ሲባልም ነገሩ ያው ነው። የሰጠው የገጹ ተከታይ ነው፤ ከተከታዩም ነገሩ የቆረቆረው።

«ከስንት ወደ ስንት?» ሳይሉ ፐርሰንት ማስተጋባት

በ1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ አንዳንድ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ ይጨምራሉ ሲል አስጠነቀቀ። ዜናው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ብዙ ሴቶች እንክብሉን እርግፍ አድርገው ተዉት። «እጥፍ» የተባለው ግን ከ7 ሺህ ሴቶች አንዷን ያጋጥም የነበረው ችግር ሁለቱን ማጋጠሙ ነው። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ፅንስ የማቋረጥ ቁጥር በ13 ሺህ ገደማ እንደጨመረ ይገመታል። የሚያሳዝነው፣ እርግዝና ራሱ ከእንክብሉ የበለጠ ደም የማርጋት አደጋ አለው።

«በእጥፍ ጨመረ» የሚለው ውሸት አልነበረም። እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ ሳለ አንባቢው ግን ተሳስቶ ሄደ። «ከስንት ወደ ስንት?» ሲባል መልስ የሌለው ጋዜጠኛ፣ በእኔ እምነት፣ ዘገባውን ገና አልጨረሰም።

«ያልተሳካውን» ጥናት መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ

አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጥናቱን ሲጨርስ «ውጤት አላገኘሁም» ብሎ ሲያዝን ሰምቼ አውቃለሁ። የለካው ነገር ለውጥ አላመጣም ማለቱ ነው። ይህ ራሱ ውጤት ነው! ግን ማን ያትመዋል?

በ2008 የወጣ አንድ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የቀረቡ 74 የፀረ ድብርት መድኃኒት ሙከራዎችን ተከታትሎ ነበር። ተቆጣጣሪው 38ቱን ጥሩ ውጤት የታየባቸው ብሏቸዋል፤ ከእነሱ 37ቱ ታትመዋል። ቀሪዎቹ 36 ወይ አልሠሩም፣ ወይ አጠራጣሪ ነበሩ። ከእነዚህ 22ቱ ከነጭራሹ አልታተሙም። 11ዱ የተሳኩ መስለው ታተሙ። እንዳሉ የወጡት 3 ብቻ ናቸው። እንግዲህ መጽሔት ብቻ የሚያነብ ሐኪም ከሙከራዎቹ 94 በመቶ ያህሉ የተሳኩ ይመስለዋል። ሙሉ መዝገቡ የሚያሳየው ግን የተሳኩት ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ነው። ሐኪሙ ሰነፍ አይደለም፤ ያለውን ሁሉ አንብቧል።

መድኃኒቱ አይሠራም እያልኩ አይደለም። የሚሠራበት መጠን ተጋነነ ነው የምለው። ለዚህ ነው ትልልቅ የሕክምና መጽሔቶች ከ2005 ጀምሮ አስቀድሞ ያልተመዘገበ ሙከራ አናትምም ያሉት። ምን እንደምትለኩ ቀድማችሁ ካስመዘገባችሁ፣ በኋላ ያማረውን ብቻ መርጦ ማሳየት ይከብዳል።

ሁለት ሰው ማቅረብን ሚዛናዊነት ማድረግ

በ1998 ላንሴት የተባለው መጽሔት አንድሩ ዌክፊልድ የመራውን፣ 12 ልጆች ብቻ የታዩበትን ጥናት አተመ። ጥናቱ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር አነካካው። በኋላ በብዙ ሺህ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግንኙነት አላገኙም። ብዙ መገናኛ ብዙኃን ግን አንድ ደጋፊና አንድ ተቃዋሚ ጎን ለጎን እያስቀመጡ «እናንተው ፍረዱ» አሉ። ተመልካቹ ምን ይበል? ሐኪሞች ለሁለት የተከፈሉ መሰለው። ሚዛን ክብደት ነው የሚለካው፤ ሁለቱም ሳህን ላይ የሆነ ነገር መቀመጡን አይደለም።

ነገሩን ያጋለጠውም ጋዜጠኛ መሆኑን ሳልናገር ባልፍ ደግሞ እኔው አዳላሁ። ብሪያን ዲር ሰነድ ቆፍሮ፣ ዌክፊልድ ክትባት አምራቾችን ሊከሱ ከተዘጋጁ ጠበቆች ያልተናገረው ገንዘብ እንዳገኘ አወጣ። ጽሑፉ በ2010 ተሰረዘ፤ ዌክፊልድም በዚያው ዓመት የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ።

ፊርማ ካለ ፈቃድ አለ ብሎ ማሰብ

አሥር ገጽ ቅጽ ሰጥቶ «እዚህ ጋ ፈርም» ማለት ማስፈቀድ አይደለም። ሰውየው ምን እንደሚደረግበት በራሱ ቃል መልሶ መናገር ካልቻለ አልተስማማም።

በአሜሪካ ተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 የመንግሥት የጤና ባለሙያዎች 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን ተከታተሉ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። «መጥፎ ደም» እናክማችኋለን ተባሉ፤ በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን የታወቀ መድኃኒት ከሆነ በኋላም አልተሰጣቸውም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። አጥኚዎቹ ውጤታቸውን በየጊዜው በሕክምና መጽሔት ያትሙ ነበር። ከሙያው ውጭ ላለ ሰው ድብቅ ነበር እንጂ ባለሙያው እኮ ያነብ ነበር። ጥናቱ የቆመው ወሬው በ1972 ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነው።

«ማሽን አያዳላም» ማለት

መልሱ አጭር ነው፤ ያዳላል። ጆይ ቡኦላምዊኒና ትምኒት ገብሩ በ2018 ከፊት ገጽታ ጾታ የሚለዩ ሦስት የገበያ ሶፍትዌሮችን ፈተኑ። ፈካ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ የታየው ትልቁ ስህተት 0.8 በመቶ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ማሽን የሚማረው ከሰጡት ፎቶ ነው፤ ፎቶውን የመረጠው ሰው ነው።

ይህን ጽሑፍ ለዚያችው ባልደረባዬ አሳየኋት። «ጋሎፕን ጀግና አደረግከው» አለችኝ። «በ1948ቱ የአሜሪካ ምርጫ ዲዊ ትሩማንን ያሸንፋል ብሎ ጉድ የሆነውስ ማን ነው?» ጋሎፕ ነው። አውቅ ነበር። ታሪኩን ስለሚያበላሽብኝ ትቼው ነበር።