ከሪል ስቴት አልሚ ጋር የአዲስ ቤት ዋጋ እንዴት መደራደር ይቻላል?

አዲስ አበባ ውስጥ አፓርታማ ሊገዙ ወደ አንድ ሪል ስቴት ሽያጭ ቢሮ ሲገቡ መጀመሪያ የሚነገርዎ የካሬ ዋጋ ነው። ብዙ ሰው እሱን ብቻ ለማስቀነስ ይከራከርና "ቁርጥ ነው" ሲሉት ተሸንፎ ይፈርማል። አልሚው የካሬ ዋጋውን በግልጽ መቀነስ አይወድም፤ ለእርስዎ የቀነሰውን ቀድመው የገዙት ከሰሙ ነገ እነሱም ይጠይቁታል። በሌላ በኩል ግን ብዙ ሊለቅልዎ ይችላል።

1. ካሬውን ይመርምሩ

"የተጣራው ስንት ነው?" ብለው ይጠይቁ። 110 ካሬ ተብሎ የሚሸጥልዎ ቤት የደረጃው፣ የሊፍቱና የኮሪደሩ ድርሻ ተደምሮበት ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ካሬው 120,000 ብር ቢሆን ጠቅላላው 13,200,000 ብር ይመጣል። የሚኖሩበት ክፍል 88 ካሬ ብቻ ከሆነ ግን አንዱን ካሬ የገዙት በ150,000 ብር ነው። ሁለት ቤቶችን ሲያወዳድሩም በዚህ ስሌት ያወዳድሩ። የእያንዳንዱ ክፍል ልክ የተጻፈበትን ፕላን ይቀበሉ፤ በርክክብ ጊዜ ተለክቶ ካነሰ ልዩነቱ በዚያው ዋጋ እንዲመለስልዎ ውሉ ላይ ያስገቡ። ቢበልጥ እርስዎን የሚያስከፍል አንቀጽ ካለ፣ ሲጎድል የሚመልስም መኖር አለበት።

2. በአከፋፈሉ ላይ ይደራደሩ

ግንባታ ጥሬ ገንዘብ ይበላል፤ የእርስዎ ጉልበትም እዚህ ነው። 30፣ 50 እና 100 በመቶ ቢከፍሉ የሚያገኙትን ቅናሽ ለየብቻ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሆኖም ገና ቁፋሮ ላይ ላለ ሕንጻ ለቅናሹ ብሎ ሙሉውን መክፈል አልመክርም፤ ሥራው ቢቆም መደራደሪያ አይኖርዎትም። ቀሪውን ክፍያ ከወራት ቁጥር ጋር ሳይሆን ከሥራው ጋር ያያይዙት፦ መሠረቱ ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ስትራክቸሩ (የሕንጻው ምሰሶና ወለሎች) ሲያልቅ ይህን ያህል፣ የመጨረሻው ቁልፍ ሲረከቡ። ሴልሱ "አሠራራችን አይፈቅድም" ካለዎ ኃላፊውን ያነጋግሩ፤ ቅናሽ የመፍቀድ ሥልጣን ብዙ ጊዜ ያለው እሱ ጋ ነው።

3. የዋጋ ማስተካከያ አንቀጹን ይፈልጉ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ አንቀጽ ይበልጥ ያሳስባል። "የዶላር ወይም የግንባታ ዕቃ ዋጋ ሲጨምር ዋጋው ይሻሻላል" የሚል ካለ፣ ዛሬ ያገኙት ቅናሽ ከዓመት በኋላ ሊጠፋ ይችላል። እንዲወጣ ይጠይቁ። እምቢ ካሉ ቢያንስ የተከፈለውን ገንዘብ እንዳይነካና ጭማሪው ከተወሰነ በመቶ እንዳያልፍ ያድርጉ።

4. ተጨማሪዎቹን መጨረሻ ላይ ያንሱ

ዋጋው ከዚህ አይወርድም ሲባሉ ፓርኪንግ፣ የኪችን ካቢኔት፣ የተሻለ ወለል ይጠይቁ። 15 በመቶው ቫት ተካቷል ወይስ ይጨመራል? የስም ማዛወሪያውን ማን ይከፍላል?

5. ሳይፈርሙ በፊት

ካርታውን፣ የግንባታ ፈቃዱንና መሬቱ በባንክ ዕዳ መያዝ አለመያዙን ያጣሩ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት፤ ስለዚህ ሴልሱ በቃል የገባልዎ ሁሉ ውሉ ውስጥ ይስፈር። ቢሮው "ቤቱን ላስይዝልዎ" ብሎ ገንዘብ ከተቀበለ ደረሰኙ ላይ ቀብድ ይሁን ቅድመ ክፍያ ይለይ፤ በሕጉ ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፣ የሰጠው ካፈረሰ ያጣዋል።

ርክክቡ ለሚዘገይበት ለእያንዳንዱ ወር ቢያንስ እርስዎ የሚከፍሉትን የቤት ኪራይ የሚያህል ቅጣት ያስጽፉ። ከዚያ ረቂቁን ወደ ቤት ይውሰዱና ጠበቃ ያሳዩት። ለማንበቢያ ሁለት ቀን የማይሰጥ ቢሮ ውስጥ እስክሪብቶ አያንሱ።