ሁለት እኩልታ አብራችሁ ስትፈቱ ነጥብ የሚያስጥሏችሁ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን ሳስጠና የማየው ይሄንን ነው። ዘዴው አይጠፋቸውም። መተካትም (አንዱን ፊደል በሌላው ገልጾ ሌላኛው እኩልታ ውስጥ ማስገባት) ማስወገድም (እኩልታዎቹን ደምሮ ወይም ቀንሶ አንዱን ፊደል ማጥፋት) ይችላሉ። ግን መሃል ላይ አንዲት ነገር ትዘለልና መልሱ በሙሉ ይበላሻል።

ምሳሌ ከአራዳ ገበያ እንውሰድ፤ ዋጋው ለሂሳቡ እንዲመች የተመረጠ ነው። አንዲት እናት 2 ኪሎ ሽንኩርትና 3 ኪሎ ቲማቲም በ310 ብር ገዙ። ሌላዋ በዚያው ዋጋ 3 ኪሎ ሽንኩርትና 1 ኪሎ ቲማቲም በ290 ብር ወሰዱ።

2ሽ + 3ቲ = 310
3ሽ + ቲ = 290

ገና ከመጀመሩ የሚሳሳት አለ። እዚህ ሽ ማለት ሽንኩርት አይደለም፣ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ነው። ይሄን መጀመሪያ ካልጻፋችሁ መጨረሻ ላይ ያገኛችሁት 80 ኪሎ ይሁን ብር ይምታታባችኋል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ቅንፍ ላይ ነው። ከሁለተኛው ቲ = 290 − 3ሽ እናገኛለን። አንደኛው ውስጥ ስንተካው 2ሽ + 3(290 − 3ሽ) = 310 ይሆናል። ውጭ ያለው 3 ቅንፍ ውስጥ ያሉትን ሁለቱንም ማባዛት አለበት፤ 870ን ብቻ አውጥቶ 3ሽን እንዳለ የተወ ልጅ ሽ = 560 ይልና ዝም ብሎ ያልፋል። ኪሎ ሽንኩርት 560 ብር? ቁጥሩን ቆም ብላችሁ እዩት እንጂ! ትክክለኛው −7ሽ = −560 ነው፣ ሽ = 80። እዚህም አታቁሙ፣ ቲ ይቀራል፦ 290 − 240 = 50።

የተካችሁትን ደግሞ መልሳችሁ ከወጣበት እኩልታ ውስጥ አትክተቱ። 290 = 290 ይመጣና ምንም አልነገራችሁም።

በማስወገድ ስትሠሩ ቲን ለማጥፋት ሁለተኛውን በ3 ካባዛችሁ 290ም 870 ይሁን። ቀኙን የረሳ አንደኛውን ሲቀንስ 7ሽ = −20 ያገኛል፤ ዋጋ ደግሞ ከዜሮ በታች አይወርድም።

ማይነስ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። 5ሀ − 2ለ = 16 ላይ 3ሀ − 2ለ = 8ን ስንቀንስ ለ ይጠፋል፣ ምክንያቱም −2ለ − (−2ለ) ዜሮ ነው። −4ለ የሚጽፍ ብዙ ነው። እኔ የምመክረው ሁለተኛውን መስመር መጀመሪያ ምልክቱን ሁሉ ገልብጣችሁ ጻፉትና ከዚያ ደምሩ፤ አንድ መስመር ቢጨምርም ስህተቱን ይቀንሳል።

መልሳችሁን በሁለቱም እኩልታ ፈትሹ። ሽ = 65 እና ቲ = 60 አንደኛውን በትክክል ያሟላሉ፣ ሁለተኛው ላይ ግን 255 ይሰጣሉ።

በመጨረሻ፣ ፊደሎቹ ሁሉ ሲጠፉ አትደንግጡ። 2ሽ + 3ቲ = 310 እና 4ሽ + 6ቲ = 620 ያው አንድ ግዢ በእጥፍ ነው፤ 0 = 0 ይመጣል፣ መልሱም ስፍር ቁጥር የለውም። 620 በ600 ቢተካ ግን 0 = 20 ዓይነት ነገር ታገኛላችሁ፣ ግራፉም ሁለት የማይገናኙ መስመሮች ይሆናል። ያኔ ፈተና ላይ ቦታውን ባዶ አትተዉት፤ «መፍትሔ የለውም» ብላችሁ ጻፉ፣ መልሱ እሱ ነው።