አዲስ ፊደል ወደ ዩኒኮድ ለማስገባት ስታስቡ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቋሚ ቁጥር የሚሰጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት መዝገብ ነው። የግዕዝ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱ ኮድ ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ተጨማሪ ፊደሎች ገብተዋል። የ2021ዎቹ 28 ሲሆኑ የጉራጊኛ ናቸው። ሁሉም የገቡት ሰው ቁጭ ብሎ ማመልከቻ ስለጻፈላቸው ነው። ዛሬም ለመጻፍ የሚነሱ ወጣቶች አሉ፣ ደስ ይለኛል። የሚሰናከሉት ግን ሁሌም እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ራሳችሁ የፈጠራችሁትን ፊደል ማቅረብ

በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። አንድ ልጅ በጥንቃቄ የሣላቸውን አዳዲስ ፊደሎች ይዞ መጣ። ሥዕሉ ያምራል። «የት ታትመዋል?» አልኩት። «መጀመሪያ ይጽደቁና ከዚያ ይታተማሉ» አለኝ። የተገላቢጦሽ ነው! ዩኒኮድ ሰዎች የሚጽፉበትን ፊደል ይመዘግባል እንጂ ሰዎች ወደፊት ይጽፉበታል ተብሎ የታሰበውን አይመዘግብም። ፊደሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የቱንም ያህል ቢያስፈልግ፣ የሚጠቀምበት ማኅበረሰብ ከሌለ ማመልከቻው አይራመድም። ፊደሎችን የሚያጸድቀውን የዩኒኮድ ኮሚቴ «ባህላችንን ናቃችሁ» ብሎ መክሰስም ዋጋ የለውም።

የሚፈለገው ማስረጃ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ፣ ጋዜጣ፣ መዝሙር፣ የድሮ ብራና። ገጹን ስካን አድርጉ፣ ፊደሉን በቀይ አክብቡት፣ ከሥሩ መጽሐፉንና የገጹን ቁጥር ጻፉ። ማስረጃው ሁሉ ከአንድ ደራሲ እጅ የወጣ እንዳይሆን። ቋንቋውን የሚያስተምር መምህር ይህን ሥራ ከማንኛውም የኮምፒውተር ባለሙያ በተሻለ ያግዛችኋል።

የአጻጻፍ ስልትን እንደ ፊደል መቁጠር

የ«ለ» እግር ቢረዝምም ቢያጥርም ያው «ለ» ነው። ያ የፎንት ሠሪው ጉዳይ ነው።

«ስህተት ካለ በኋላ ይታረማል» ማለት

አይታረምም። በ1996 ሁለተኛው የዩኒኮድ እትም ሲወጣ በሺህ የሚቆጠሩ የኮሪያ ፊደሎች ቦታቸውን ቀየሩ፤ በድሮው ኮድ የተጻፈው ሁሉ ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ አንድ ፊደል ከታተመ ቦታው አይነካም፣ አይሰረዝም፣ ስሙም አይቀየርም። በ2005 የገባ አንድ የቅንፍ ምልክት አለ። በስሙ ውስጥ ቅንፍ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲ እና ኬ ተቀያይረውበት ታተመ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው፤ ማድረግ የተቻለው ትክክለኛውን ስም እንደ ተለዋጭ ጎኑ ላይ መጻፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የስም ዝርዝራችሁን ከእናንተ ሌላ ሰው ፊደል በፊደል ያንብበው።

በነገራችን ላይ «ሠ» እና «ዐ» ይውጡልን የሚሉም አሉ። አይወጡም። ትግርኛ «ዐ»ን ከ«አ» ለይቶ ይናገራል፣ ግዕዙም አለ።

ባህርያቱን ባዶ መተው

ከሥዕሉ ጋር ፊደሉ ኮምፒውተር ላይ እንዴት እንደሚሠራ መጻፍ አለበት። ብዙ ሰው ይህን ሠንጠረዥ ይዘለዋል። «፡»ን እዩ። መስመር ሲሞላ ከቃሉ ኋላ ይቀራል እንጂ ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ አይወርድም። ይህ የሆነው በባህርይው ስለተጻፈ ነው። የግዕዝ ቁጥሮችም እንደ 0–9 ዓይነት አሃዝ ተብለው አልተመዘገቡም። ዜሮ የላቸውም፣ «፲» ብቻዋን 10 ናት፣ «፳፻» ደግሞ ሃያ መቶ ነው። ያለቦታቸው ቢመደቡ ሶፍትዌሩ በተሳሳተ መንገድ ያሰላቸው ነበር።

ስለ ፊደል ተራ መጨቃጨቅ

አዲሶቹ ፊደሎች ከነባሮቹ ርቀው ሊቀመጡ ይችላሉ። መዝገበ ቃላት ላይ ማን ማንን እንደሚቀድም የሚወስነው ሌላ ሠንጠረዥ ነው።

አባል ካልሆንኩ አይሰሙኝም ማለት

ድምፅ የሚሰጡት መዋጮ የሚከፍሉ የዩኒኮድ ድርጅት አባላት ናቸው፤ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ይበዙበታል። ማመልከቻ ማስገባት ግን ለማንም ክፍት ነው፣ ክፍያም የለውም።

አስተያየት ሲመጣ መጥፋት

ማመልከቻው ለኮሚቴው ከመድረሱ በፊት የፊደል ባለሙያዎች ቡድን ያየዋል፤ ጥያቄም ይመጣል። ጥያቄ መምጣቱ ጥሩ ምልክት ነው፣ አንብበውታል ማለት ነው። ብዙዎች ግን «ውድቅ ተደረገ» ብለው ይተዉታል። ኮሚቴው በዓመት አራት ጊዜ ይሰበሰባል። ዛሬ መልስ ካልሰጣችሁ ወራት አለፉ። አስተካክላችሁ ቀኑንና የማሻሻያውን ቁጥር ጽፋችሁ መልሱት።

ሳይታተም መጠቀም

ኮሚቴው ተቀበለው ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ተመሳሳዩ ፊደል በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በአይኤስኦ በኩልም ያልፋል፤ እዚያ ድምፅ የሚሰጡት የየአገሩ የደረጃ ተቋማት ናቸው። በመሃል የኮዱ ቦታ ሊቀየር ይችላል። በጊዜያዊው ቁጥር ፎንት ሠርታችሁ መጽሐፍ ከጻፋችሁበት፣ ቁጥሩ ሲቀየር ጽሑፉን በሙሉ መለወጥ ይመጣል። እስከዚያ መጻፍ ካለባችሁ ለግል አገልግሎት የተተዉ ከ6,400 በላይ ቦታዎች አሉ። እዚያ ጻፉ፣ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ ዝርዝር ያዙ፣ እትሙ ሲወጣ በዝርዝሩ መሠረት ትለውጡታላችሁ።