የአርመኖች የዘር ማጥፋት መታሰቢያ፦ ለተማሪ ማኅበራት የዝግጅት መመሪያ

መታሰቢያው የሚውለው ሚያዝያ 16 (ኤፕሪል 24) ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 በዚያ ዕለት የኦቶማን መንግሥት በቁስጥንጥንያ ከ200 በላይ የአርመን ምሁራንንና መሪዎችን አስሯል። ዝግጅቱን ከስምንት ሳምንት በፊት ጀምሩ፤ አዳራሽ ማስፈቀድና ከቤተ መዛግብት የፎቶ ፈቃድ ማግኘት ቀላል የማይባል ጊዜ ይወስዳል።

ለአንድ ኮሪደር ስምንት ፓነል ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ሰዉ ከመሀል አቋርጦ ይሄዳል። መጠናቸው ኤ1 (59.4 በ84.1 ሴ.ሜ.)፣ ጽሑፋቸው ከ100 ቃል ያልበለጠ፣ ፊደላቸው ከ28 ነጥብ ያላነሰ ይሁን። የፓነሉ መሀል ከወለሉ 150 ሴ.ሜ. ከፍ ይበል። የሚያብረቀርቅ ወረቀት መብራቱን እየመለሰ ፎቶውን ስለሚጋርድ የማያብረቀርቀውን ምረጡ። ፎቶ በኤ4 ልክ ጥርት ብሎ እንዲታተም 2480 በ3508 ፒክስል ያስፈልገዋል፤ ከማኅበራዊ ሚዲያ የወረደው ይደበዝዛል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፓነሎች ስለ ሞት አያውሩ። እ.ኤ.አ. በ405 አካባቢ መስሮፕ ማሽቶትስ የቀረጸው የአርመን ፊደል፣ ኻችካር የሚባለው ባለመስቀል የድንጋይ ቅርጽ፣ ትምህርት ቤቶቹና የእጅ ሙያው ይቅደሙ። ከዚያ እስሩ፣ በሜይ 27 ቀን 1915 የወጣው የማፈናቀል ሕግ፣ ሶርያ ውስጥ ወዳለው ዴር ኤዝ ዞር በረሃ በግዳጅ የተደረገው ጉዞ፣ በመጨረሻም ወላጅ አልባ የቀሩት ልጆችና ስደቱ ይከተላሉ።

ብዙ ዐውደ ርእይ የሚበላሸው በፎቶ መግለጫ ነው። ማን አነሣው፣ የት፣ መቼ፣ የትኛው ቤተ መዛግብት አለ? አራቱ ካልተመለሱ ፎቶውን አትስቀሉ። በመስቀል ላይ የተሰቀሉ ሴቶችን የሚያሳየው ታዋቂ ምስል እ.ኤ.አ. በ1919 አሜሪካ ውስጥ ከተሠራ ፊልም የተወሰደ ነው፤ እንደ ማስረጃ ከለጠፋችሁት የዘር ማጥፋቱን የሚክድ ካጂ አንዱን ይዞ ሁሉንም ውሸት ይላል። ጀርመናዊው ወታደር አርሚን ቬግነር ያነሣቸው የስደተኞች ፎቶዎች ግን ባለቤታቸው ይታወቃል። ሂትለር ስለ አርመኖች ተናገረው የሚባለውንም ጥቅስ ርእስ አታድርጉት፤ ምንጩ ስለሚያከራክር ሰዓታችሁን ይበላዋል።

ቀንም ያሳስታል። የዘመኑ የኦቶማን ሰነዶች ከግሪጎርያኑ 13 ቀን ወደ ኋላ ይቆጥራሉ፤ ኤፕሪል 11 የሚል ካገኛችሁ ያው ኤፕሪል 24 ነው። የሟቾችን ቁጥር “ከ600 ሺህ እስከ 1.5 ሚሊዮን የሚደርሱ ግምቶች አሉ” ብላችሁ ጻፉ። የታሰሩትን ስም ስታነቡም እንዲሁ ተጠንቀቁ፦ ገጣሚው ዳኒኤል ቫሩዣን የታሰረው ኤፕሪል 24 ነው፤ የፓርላማ አባሉ ክሪኮር ዞህራብ ግን የተያዘው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ከዚያ ዝርዝር አይገባም።

ተመልካቹ ኢትዮጵያዊ ከሆነ አንዱን ፓነል ለአርባ ልጆች ስጡ። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ካገኟቸው በኋላ ወደ አዲስ አበባ የመጡት ወላጅ አልባ ልጆች የቤተ መንግሥቱ ማርሽ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን “ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ” የሚለውን መዝሙር ዜማ ሠራ። ኬቮርክ መምህራቸው እንጂ ከአርባዎቹ አንዱ አይደለም፤ የወንድሙ ልጅ ነርሰስም ከእነሱ አይቆጠርም። ይህን የሚያምታታው ብዙ ነው።

ሙዚቃው ከ20 ደቂቃ አይብለጥ። ዱዱክ የሚባለው ከአፕሪኮት እንጨት የሚሠራ የአርመን የትንፋሽ መሣሪያ በልማዱ በሁለት ሰው ይነፋል፤ አንዱ ዜማውን ይጫወታል፣ ሌላው አንድ ድምፅ ሳያቋርጥ ይይዛል። ሁለተኛ ነፊ ካጣችሁ ያን ድምፅ ቀድታችሁ በዝቅታ አጫውቱ፤ ያለ እሱ ዜማው ራቁቱን ይቀራል። ከአርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ከኮሚታስ ሥራዎች ብትመርጡ ተገቢ ነው፤ እሱም ኤፕሪል 24 ከታሰሩት አንዱ ነበር፣ ተርፎ እ.ኤ.አ. በ1935 ፓሪስ ሞተ። “እባካችሁ አታጨብጭቡ” የሚለውን ፕሮግራሙ ላይ አስቀድማችሁ አትሙ፤ መድረክ ላይ መናገር ስሜቱን ይሰብራል።

ጥያቄ በወረቀት ተቀበሉ። ማይክሮፎን ከዞረ አንድ ሰው ንግግር ያደርግበታል። አወያዩ ለካጂ ጥያቄ ሰነድ ጠቅሶ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይመልስና ይለፍ። አዳራሹ ውስጥ ያለ ቱርካዊ ተማሪ ተከሳሽ አይደለም፤ በ1915 ስለነበረው መንግሥት ሲነገር “ቱርኮች” ሳይሆን “የኅብረትና የእድገት ኮሚቴ መንግሥት” በሉ።

ፓነሎቹ ሲወርዱ የእያንዳንዱን ፎቶ ምንጭ፣ የፈቃድ ደብዳቤና የማተሚያ ፋይል በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ ለቀጣዩ ዓመት ኮሚቴ አስረክቡ። ፈቃዱ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ ከሆነ ፎልደሩ ላይ ጻፉት።